ሄዱን ሳትጎዱ ሌብል ፕሪንተር እንዴት ታጸዳላችሁ? ለባሕር ዳር ሱቆች፣ ባልትና ቤቶችና ፋርማሲዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ስቲከር የሚያትም ማሽን ያላቸው ቤቶች እየበዙ ነው። በርበሬና ሽሮ አሽገው የሚሸጡ ባልትና ቤቶች አሉ። የዘጌን ቡና ቆልተው በፓኬት የሚያቀርቡ አሉ። ሱፐርማርኬቱ ዋጋ ያትምበታል፤ ፋርማሲው የመድኃኒቱን አወሳሰድ፤ ላብራቶሪው ደግሞ የደም ናሙናው ቱቦ ላይ የሚለጠፈውን የታካሚ ስምና ቁጥር። ማሽኑ በሁሉም ቤት ያው ነው። የሚፈስ ቀለም የለውም፤ የሚያትመው ሄድ በሚባለው ክፍሉ ሙቀት ነው።

ችግሩም በሁሉም ቤት ያው ነው። መጀመሪያ ጽሑፉ ይደበዝዛል። ቀጥሎ ስቲከሩ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ነጭ መስመር ይወጣል። ከዚያ ባርኮዱ አልነበብ ይላል። አንዱ ይመጣና "ሙቀቱን ጨምሩት" ይላል። ይጨመራል፣ ለጊዜው ይደምቃል። ትንሽ ቆይቶ ነጩ መስመር ሰፍቶ ይመለሳል። በመጨረሻ "ሄዱ ተቃጥሏል" ይባልና አዲስ ሄድ ከአዲስ አበባ ይፈለጋል። ዋጋው ኪስ ያራቁታል።

እንዲህ ከሚባልላቸው ማሽኖች ብዙዎቹ ቆሸሹ እንጂ አልተበላሹም። በጊዜው በትክክለኛ ፈሳሽና በለስላሳ ጨርቅ ቢጠረጉ ለዓመታት ያገለግሉ ነበር። ከቆሻሻው የባሰ ጉዳት የሚያደርሰው ደግሞ የተሳሳተ ጽዳት ነው። በምላጭ መፋቅ፣ በቲነር መጥረግ፣ ገና ትኩሱን መነካካት። ስለዚህ ከታች የምታገኙት ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ብቻ አይደለም። ምን ማድረግ እንደሌለባችሁም አብሮ አለበት። የማለቂያ ቀኑ የማይነበብ የሕፃን ሽሮፕ፣ ስሙ የጠፋ የደም ናሙና ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳዩን የማከብደው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑን እወቁት

ክዳኑን ስትከፍቱ ሦስት ነገሮችን ለዩ።

አንደኛው ሄዱ ነው። ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጡት ትንንሽ ማሽኖች ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከላይ፣ ክዳኑ ውስጥ ወደ ታች ዞሮ ነው። በስልካችሁ መብራት ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጠርዙ አካባቢ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ቀጭን የሚያብለጨልጭ መስመር አለ። የሚሞቀው ያ መስመር ነው። 203 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 203 ነጥብ) በሚባለው ማሽን በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ላይ 8 የሚሞቁ ነጥቦች ተደርድረዋል። 10 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ባለው ሄድ ላይ ሲቆጠሩ ከ800 በላይ ይሆናሉ። እያንዳንዷ ነጥብ ለብቻዋ በቅጽበት ትሞቃለች፣ በቅጽበት ትቀዘቅዛለች። በላያቸው የለበሱት መከላከያ በማይክሮን የሚለካ ስስ ሽፋን ነው። አንድ ጊዜ ከተጫረ አይመለስም።

ሁለተኛው ጥቁሩ ጎማ ሮለር ነው። ስቲከሩን ሄዱ ላይ እየተጫነ ወደፊት የሚስበው እሱ ነው። ሦስተኛው ሴንሰሩ ነው። የወረቀቱ መንገድ ላይ ያለች ትንሽ መስኮት ወይም ጥቁር ነጥብ ትመስላለች። አንዱ ስቲከር የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የምታውቀው እሷ ናት።

ማሽናችሁ ያለ ሪበን ነው ወይስ በሪበን፣ ማለትም ቀለም በተቀባ ስስ ጥቅል፣ የሚሠራው? ካላወቃችሁ ባዶ ስቲከር ላይ በጥፍራችሁ ፈጠን አድርጋችሁ ጫር አድርጉ። ጥቁር መስመር ከታየ ወረቀቱ ራሱ በሙቀት የሚጠቁር ነው፤ ሪበን አያስፈልገውም። ምንም ካልታየ ሪበን የሚፈልግ ተራ ወረቀት ነው። ልዩነቱን ማወቅ ለጽዳትም ይጠቅማል። ያለ ሪበን ሲታተም ወረቀቱ ሄዱን በቀጥታ ይፈትገዋል፤ የወረቀቱ ብናኝና የሽፋኑ ኬሚካል እዚያው ይጋገራል። በሪበን ሲሆን ደግሞ የሚጋገረው የሪበኑ ሰም ነው።

ምን ታዘጋጃላችሁ?

ዋናው ነገር አልኮሉ ነው። ጥፋቱ በብዛት የሚጀምረው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

የሚፈለገው አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ንጹሕነቱ 99 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ ቢያንስ ከ90 በመቶ አይነስ። ሞባይል የሚጠግኑ ልጆች ቦርድ የሚያጥቡበት ይህንኑ ስለሆነ የጥገና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጠይቁ። ጠርሙሱ ላይ ስሙና መቶኛው መጻፉን አይታችሁ ግዙ። በላስቲክ ኮዳ ተቀድቶ ምንም ያልተጻፈበትን ፈሳሽ "አልኮል ነው" ስለተባላችሁ ብቻ አትውሰዱ።

ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ለቁስልና ለእጅ ጥሩ ነው፤ ለሄድ ግን አይሆንም። የቀረው 30 በመቶ በአብዛኛው ውሃ ነው። ውሃ ቶሎ አይተንም፤ ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታ ላይ መቆየቱ ደግሞ አደገኛ ነው። የእጅ ሳኒታይዘር ከዚህም ይብሳል። ጄሉ ውስጥ እጅ እንዳይደርቅ የሚጨመር ግሊሰሪን አለ፤ ሄዱ ላይ የሚያጣብቅ ሽፋን ትቶ ይሄዳል። አረቄም ያው ነው፤ የቱንም ያህል ቢያቃጥል ውሃ አለው።

ቲነር፣ ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ አሴቶን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፦ አንዳቸውም ማሽኑ አጠገብ አይድረሱ። ላስቲኩን ያቀልጣሉ፣ ጎማውን ያሳብጣሉ፣ ተናቸውም ለጤናም ለእሳትም መጥፎ ነው። "ለሙጫ የሚሆን ቲነር ነው" የሚላችሁ አይጠፋም። ለሙጫ ይሆናል፤ ለጎማ ሮለር አይሆንም።

የቀረው ቀላል ነው። ክር የማይለቅ ለስላሳ ጨርቅ፤ የመነጽር መጥረጊያ ዓይነቱ ጥሩ ነው። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ ጥጡ በደንብ የተጠቀለለና የማይበተን። አዲስ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ። ካገኛችሁ ስስ የላስቲክ ጓንት። ሶፍትና መጸዳጃ ቤት ወረቀት አይሆኑም፤ ይበጣጠሱና ብናኛቸውን ውስጥ ይተዋሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የሰውና የማሽን ደኅንነት

ይህን ክፍል ዘላችሁ አትለፉ።

ማሽኑን በማጥፊያው አጥፉ። ከዚያ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ከኮምፒውተሩ የሚመጣውንም የዩኤስቢ ገመድ ንቀሉ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፕሪንተር ከሆነ ባትሪውን አውጡ። በከተማችን መብራት ሄዶ በድንገት የሚመጣበት ጊዜ ስላለ "መብራት የለም እኮ" ብላችሁ ሳትነቅሉ እጃችሁን እንዳታስገቡ። መቁረጫ ያለው ማሽን ላይ እጃችሁ እያለ መብራት ቢመጣ ጣት ሊጎዳ ይችላል።

ክዳኑን ከፍታችሁ እንዲቀዘቅዝ ተዉት። ብዙ ስቲከር በተከታታይ ካተመ ሄዱ ቆዳ ለማቃጠል በቂ ሙቀት አለው። 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከባድ ሥራ ላይ ከነበረ ትንሽ ጨምሩበት።

አይሶፕሮፒል ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጀምሮ እሳት ሊይዝ የሚችል ተን ይሰጣል። ባሕር ዳር ውስጥ ያለ ክፍል ቀኑን ሙሉ ከዚያ በላይ ሙቅ ነው። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ቡና እየተፈላ ከሆነ፣ ከሰሉ ገና ፍም ከሆነ፣ ዕጣን እየጨሰ ከሆነ ጽዳቱን አቆዩት። ሻማም፣ ሲጋራም፣ ክብሪትም አይኑር። መስኮትና በር ክፈቱ። ጠርሙሱን ከፍታችሁ አትተዉት፤ ጥቂት ጠብታ ጨርቁ ላይ አድርጋችሁ ወዲያው ክደኑት። ልጆች ከማይደርሱበት፣ ከምግብና ከመጠጥ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አልኮሉን በውሃ ኮዳ ገልብጦ ማስቀመጥ ከሁሉ የከፋ ልማድ ነው፤ ሰው ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር አውልቁ። ሄዱን የሚጭሩት እነሱ ናቸው። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና በደንብ አድርቁ። በተለይ ባልትና ቤት የምትሠሩ፣ የበርበሬና የቅቤ እጅ ሄድ መንካት የለበትም። ከታጠባችሁ በኋላም ያንን የሚያብለጨልጭ መስመር በጣት አትንኩት። የቆዳ ወዝና ጨው ቀስ ብሎ ይበላዋል።

አንድ የማይታይ ጠላት አለ፦ ስታቲክ ኤሌክትሪክ። በደረቁ ወራት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ የሱፍ ወይም የናይለን ልብስ ስትለብሱ ሰውነታችሁ ላይ ይጠራቀማል። የበር እጀታ ስትነኩ ቆንጠጥ የሚያደርጋችሁ እሱ ነው። ያ ቅጽበታዊ ብልጭታ ሄዱ ውስጥ ያሉትን ስስ ክፍሎች ሊገድል ይችላል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ከመሬት ጋር የተገናኘ ብረት፣ ለምሳሌ የብረት የውሃ ቧንቧ፣ በባዶ እጃችሁ ንኩ። በመካከል ተነስታችሁ ከተመለሳችሁ እንደገና ንኩ።

አሁን ወደ ጽዳቱ

1. ሮሉን፣ ማለትም የስቲከሩን ጥቅል፣ አውጡ። ሪበን ካለው እሱንም አውጡና ንጹሕ ላስቲክ ውስጥ አስቀምጡ። ያለ ሪበን የሚሠራውን ወረቀት አልኮል አጠገብ አትተዉት፤ አንድ ጠብታ ሲነካው ይጠቁራል። ሪበኑ በየት በኩል እንደገባ ከማውጣታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስትመልሱት ከመገመት ያድናችኋል።

2. ብናኙን አውጡ። በብሩሹ ከውስጥ ወደ ውጭ ጠረግ ጠረግ አድርጉ። የወረቀት ብናኝ፣ የበርበሬ ዱቄት፣ የተቆራረጠ ስቲከር ሁሉ ይውጣ። በአፋችሁ አትንፉበት፤ ምራቅ ይረጫል። በጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር ማስነፋትም ይቅር። ግፊቱ ትልቅ ነው፣ ውሃና ዘይትም ይዞ ይመጣል። የታሸገ የአየር ቆርቆሮ ካላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ከተዘነበለ ፈሳሽ ይተፋል።

3. ሄዱን ጥረጉ። ጨርቁን ወይም ጥጡን በአልኮል ረጠብ አድርጉት፤ እንዳይንጠባጠብ። አልኮሉን በቀጥታ ማሽኑ ላይ አታፍስሱ፣ አትርጩ። ጥጡን ሄዱ መሃል ላይ አሳርፉና በቀስታ ወደ አንዱ ዳር ውሰዱት። አንሱት። ተመልሳችሁ ከመሃል ወደ ሌላኛው ዳር ውሰዱት። ወዲያና ወዲህ አትፈትጉ፤ የተነሳውን ቆሻሻ መልሳችሁ ታዳርሱታላችሁ።

የመጀመሪያውን ጥጥ ተመልከቱት። ለረጅም ጊዜ ባልጸዳ ማሽን ላይ ጥቁር ሆኖ ይነሳል፤ ባልትና ቤት ከሆነ ጠርዙ ላይ ቀላ ያለ ቡናማ ይታይበታል። ጣሉትና አዲስ ውሰዱ። ሁለተኛው ግራጫ ይሆናል። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪነሳ ቀይሩ። በቆሸሸው ጥጥ መቀጠል ቁጠባ አይደለም፤ በውስጡ የያዘው አሸዋ መሰል ብናኝ ሄዱን ይጭረዋል።

የማይለቅ ጥቁር ነጥብ ቢያጋጥማችሁስ? ጉልበት አትጨምሩ። እርጥቡን ጥጥ ላዩ ላይ አሳርፋችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙት፤ ሲለሰልስ ጥረጉት። ካልለቀቀ ድገሙት። ምላጭ፣ ቢላ፣ ስክሪው ድራይቨር፣ የእርሳስ ላጲስ፣ የብርጭቆ ወረቀት ፈጽሞ አይነካውም። የጥፍራችሁ ጫፍም ቢሆን።

4. ጎማ ሮለሩ። መጀመሪያ ስቲከር ተጠምጥሞበት እንደሆነ እዩ። ከተጠመጠመ ጫፉን ፈልጋችሁ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት። አትቁረጡት፤ ምላጭ ጎማው ላይ የሚተወው ጭረት ለዘለዓለም ስቲከሩ ላይ ይታያል። የቀረውን ሙጫ ለማንሳት አዲስ ስቲከር ወስዳችሁ በሚጣበቀው ጎኑ ለጠፍ፣ ነቀል አድርጉበት። ሙጫ ሙጫን ይስበዋል። ከዚያ ሮለሩን ዳር ባለው ጥርሱ በጣታችሁ እያዞራችሁ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ዙሪያውን ጥረጉት። የጎማው ፊት ላይ ያለው የወረቀት ነጭ ዱቄት ሲለቅ መልኩ ደብዛዛ ጥቁር ይሆናል፤ የሚፈለገው ያ ነው። የሚያብለጨልጭና የሚያንሸራትት ከሆነ ገና ሙጫ አለበት ወይም አርጅቷል። ዘይት፣ ቫዝሊንም ሆነ ግሪስ ጎማ ላይ አይቀባም።

5. ሴንሰሩ። በደረቅ ጥጥ ብናኙን አንሱ፤ ሙጫ ካለበት ብቻ በጣም በትንሹ በረጠበ ጥጥ ነክታችሁ ወዲያው በደረቅ ጥረጉ። በአንዳንድ ማሽኖች ሴንሰሩ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ካንሸራተታችሁት ወደነበረበት መልሱት፤ አለበለዚያ ማሽኑ ባዶ ስቲከር እያከታተለ ይተፋል።

6. ስቲከሩ የሚወጣበት ጠርዝ። ሙጫ የሚጠራቀመው እዚህ ነው። ጥርስ ያለው የመቅደጃ ብረት ከሆነ ጣት ይቆርጣልና በጥጥ እንጂ በጣት አትጥረጉት። በሞተር የሚሠራ መቁረጫ ካለው ከውጭ የሚታየውን ብቻ አጽዱ። ውስጡን መፍታት የባለሙያ ሥራ ነው።

7. አድርቁ። ክዳኑ ክፍት እንደሆነ 5 ደቂቃ ያህል ተዉት። የአልኮል ሽታ እያለ ገመዱን አትሰኩ። ማሽኑ ማተም ሲጀምር ሄዱ ይሞቃልና ተኑ ያልወጣ አልኮል እሳት ሊይዝ ይችላል። የተጠቀማችሁበትን ጥጥ ውጭ አየር ላይ አድርቃችሁ ጣሉ እንጂ እርጥቡን ከወረቀት ቆሻሻ ጋር አታጭቁት።

ስንት ጊዜ ማጽዳት ያስፈልጋል? ቀላሉ ልማድ ሮል በቀየራችሁ ቁጥር ሄዱን መጥረግ ነው። በሪበን የምትሠሩ ከሆነ ሪበን ባለቀ ቁጥር። ማሽኑ ተከፍቶ ባዶውን ስላለ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ሮለሩና ሴንሰሩ በወር አንድ ጊዜ ይበቃቸዋል፤ ዱቄት ያለበት ቤት ግን በየሳምንቱ ክዳኑን ከፍታችሁ በስልክ መብራት እዩ።

ሲመለስ ማስተካከልና መፈተሽ

ሮሉን ከመመለሳችሁ በፊት ከላይ ያሉትን ሁለት ሦስት ስቲከሮች ላጡና ጣሉ። መደርደሪያ ላይ የከረመ ሮል የላይኛው ዙር አቧራ ጠጥቷል፤ ያጸዳችሁትን ሄድ በመጀመሪያው ስቲከር ታቆሽሹታላችሁ። ሪበኑ ከስቲከሩ ትንሽ ሰፋ ያለ ይሁን። ጠባብ ከሆነ የስቲከሩ ዳር ሄዱን በቀጥታ ይፈትገዋል።

ከዚያ ማሽኑን አብሩና ካሊብሬት አድርጉት፤ ማለትም ስቲከሩ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ እንደገና እንዲለካ አድርጉት። በብዙ ሞዴሎች የሚደረገው የወረቀት ማሳለፊያውን ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ ነው፤ መብራቱ ስንት ጊዜ ብልጭ ሲል መልቀቅ እንዳለባችሁ በሞዴሉ መመሪያ ላይ አለ። ካሊብሬት ሲደረግ ጥቂት ባዶ ስቲከር ይወጣል፤ አትደንግጡ።

አሁን የሙከራ ስቲከር አትሙና በጥንቃቄ አንብቡት።

ነጭ መስመሩ ጠፍቷል? እንግዲያው ቆሻሻ ነበር። እዚያው ቦታ ላይ፣ ያንኑ ስፋት ይዞ፣ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ከቀረ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አጽዱ። አሁንም ካልጠፋ ነጥቧ ሞታለች። መስመሩ አግድም ሆኖ በእኩል ርቀት የሚደጋገም ከሆነ ሮለሩን ጠርጥሩ፤ ጎማው ላይ ጭረት ወይም የተጣበቀ ነገር አለ። ሰያፍ መስመር የሚታየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሪበኑ ሲጨማደድ ነው። አንዱ ጎን ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ ክዳኑ በሁለቱም በኩል በደንብ መዘጋቱን እዩ።

የሞተች ነጥብ ባርኮድ ላይ ስትወድቅ ነገሩ ይከፋል። የባርኮዱ ዘንጎች ስቲከሩ በሚወጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብለው የቆሙ ከሆነ ነጩ መስመር አንዱን ዘንግ ከላይ እስከ ታች ያጠፋዋል። ስካነሩ የትም ቢያነብ ያ ዘንግ የለም። ባርኮዱን በዲዛይኑ ላይ 90 ዲግሪ ብታዞሩት ግን ነጩ መስመር ሁሉንም ዘንጎች አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያቋርጣል፤ ስካነሩ ከጎኑ ካለው ክፍል ያነባል። አዲሱ ሄድ እስኪመጣ ድረስ ሥራ እንዳይቆም ይረዳል። ፋርማሲና ላብራቶሪ ላይ ግን በዚህ መንገድ አትቆዩ። እዚያ የሚጠፋው ዘንግ ብቻ ሳይሆን የመጠን ቁጥርም ሊሆን ይችላል።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር። ጽሑፉ ከጸዳም በኋላ ከደበዘዘ በመጀመሪያ የማተሚያ ፍጥነቱን ቀንሱ። ነጥቧ ወረቀቱ ላይ የምትቆይበት ጊዜ ስለሚረዝም ሄዱ ሳይጎዳ ጽሑፉ ይደምቃል። ካልበቃ ሙቀቱን አንድ አንድ ደረጃ እየጨመራችሁ እዩ። ጥርት ብሎ ሲነበብ አቁሙ። ከዚያ በላይ ያለው ሙቀት ሄዱን በከንቱ ማቃጠል ነው። ርካሽና ሸካራ ወረቀትም ሄድ በላተኛ ነው፤ በሮሉ ላይ ያተረፋችሁትን ሄዱ ላይ ትከፍሉታላችሁ።

ለእኛ አየር፣ ለእኛ መብራት

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የጣና ዳርቻ እርጥበት ወረቀቱን ያጠቃዋል። ስቲከሩ ይጠቀለላል፣ ከጀርባ ወረቀቱ ቀድሞ ይላቀቅና ሮለሩ ላይ ይጠመጠማል። ትርፍ ሮሎችን ከነላስቲካቸው፣ ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ። ማታ ሥራ ስታቆሙ የጀመራችሁትን ሮል ማሽኑ ውስጥ ብትተዉትም ክዳኑን ዝጉ። ሐይቁ አቅራቢያ ያሉ ቤቶች ማታ ማታ በአምፖል ዙሪያ ስለሚሰበሰቡት ትንንሽ ነፍሳት ያውቃሉ፤ ሴንሰሩ ላይ አንዷ ከሞተች ማሽኑ ቀዩን መብራት ሊያበራ ይችላል።

በበጋ የሚያስቸግረው አቧራና ፀሐይ ነው። ማሽኑን ከበሩ ትይዩ አታስቀምጡ። ስትዘጉ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ሲሠራ ግን አትሸፍኑት፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ያለ ሪበን የሚሠራ ስቲከር በሚያዝያና በግንቦት ፀሐይ መስኮት ላይ ቢውል ይጠቁራል ወይም ይደበዝዛል። ዘይትም ያጠፋዋል። ስለዚህ መደርደሪያ ላይ ረጅም ጊዜ ለሚቆይ በርበሬ ወይም ለቅቤ ዕቃ በሪበን የታተመ ስቲከር ይሻላል።

ባልትና ቤቶች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማሽኑን ከማሸጊያው ጠረጴዛ አንሱት። በርበሬ በሚታሸግበት ክፍል አየሩ ራሱ ዱቄት ነው። ሌላ ክፍል ከሌለ ስቲከሩን ጠዋት፣ ማሸግ ሳይጀመር አትማችሁ ጨርሱና ማሽኑን ሸፍኑት።

መብራት ሲሄድ ማጥፊያውን አጥፉ። ሲመለስ ወዲያው አታብሩ፤ ጥቂት ደቂቃ ይረጋጋ። ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ካላችሁ ማሽኑን በእሱ በኩል ስኩት። ፍሪጅና ምጣድ ከተሰካበት ዲቫይደር ጋር አታጋሩት። የአዳፕተሩ ገመድ ከተላጠ፣ ከሞቀ ወይም ከሸተተ በፕላስተር ጠቅልላችሁ አትቀጥሉ፤ ቀይሩት። አዲሱ አዳፕተር ቮልቱም አምፔሩም ከድሮው ላይ ከተጻፈው ጋር የሚገጥም ይሁን።

ሄዱ በእርግጥ ከሞተ

ሁለት ጊዜ አጽድታችሁ፣ ካሊብሬት አድርጋችሁ፣ ፍጥነት ቀንሳችሁ ነጩ መስመር ከነበረበት ካልተነቃነቀ ያኔ ሄድ እዘዙ። ሳታጸዱ አትዘዙ። ስታዙ በስልክ "የሌብል ፕሪንተር ሄድ" ማለት አይበቃም። ከማሽኑ ሥር ወይም ከጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። 203 ዲፒአይ ወይም 300 ዲፒአይ መሆኑንም ጻፉ፤ ሁለቱ አይተካኩም። አዲሱ ሄድ ሲመጣ ከታሸገበት ስታቲክ መከላከያ ከረጢት የሚወጣው ሊገጠም ሲል ብቻ ነው። የሚገጥመው ባለሙያም ቢሆን ገመዱ ከሶኬት መነቀሉን እናንተ ራሳችሁ እዩ።